የክሊኒኩን መዝገብ ማን ያንብብ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር ገብታችሁ ፈትሂያ ምን ትሠራለች ብላችሁ ብትጠይቁ ግማሹ ሰፈር ሞባይል ትጠግናለች ይላችኋል፤ ግማሹ ደግሞ ኮምቦልቻ ወርዳ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ ውላ ትመጣለች ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ከሥራ ስትመለስ የጎረቤት ሴቶች ድምፁ የጠፋ፣ ቻርጅ እንቢ ያለ ስልክ ይዘው ደጃፏ ላይ ይጠብቋታል፤ እሷም ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ታየዋለች። እውነተኛ ሥራዋ ግን የአንድ ብርድ ልብስ ፋብሪካን ዳታቤዝ መጠበቅ ነው። በዚያ ፋብሪካ ስለ ሠራተኛው፣ ስለ ፈረቃው፣ ስለ ክሩና ስለ ጨርቁ የተጻፈው ሁሉ አንድ ቦታ ተቀምጧል፤ ማን ምኑን ያንብብ፣ ማን ምኑን ይቀይር የሚለውን የምታስተካክለው እሷ ናት። ይህን ለሰፈሩ ለማስረዳት ሞክራ ሞክራ ትታዋለች። ሰፈሩም አልፈረደባትም፤ ስልኩ እስከተሠራ ድረስ ሌላው አያሳስበውም።

ቀጠን ያለች፣ ስትናገር ድምጿን ዝቅ የምታደርግ ሴት ናት። ድምጿን ሰምተው በቀላሉ እንጠመዝዛታለን ያሉ ሰዎች ሁሉ ግን ተሳስተዋል። ጠዋት የፋብሪካው ሰርቪስ ከደሴ ሲነሳ ሹራብና ጃኬት ደርባ ትሳፈራለች፤ ሐረጎ በሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ጃኬቱን፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሹራቡን ታወልቃለች። ኮምቦልቻ ስትደርስ ሙቀቱ ይቀበላታል፣ እሷም በቀሚስና በሻርፕ ብቻ ትወርዳለች። በዚያ ሰርቪስ ላይ ለዓመታት ወንበር ይዞላት የኖረው ሰው ጋሽ መሕሙድ ነው።

ጋሽ መሕሙድ የፋብሪካው የሰው ሀብት ኃላፊ ነው። ፈትሂያ ኮምፒውተር ተምራ ከተመረቀች በኋላ ሥራ አጥታ ደሴ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለልጆች ታይፕ ስታስተምር ነበር። ፋብሪካው የዳታቤዝ ባለሙያ ፈልጎ ፈተና ሲሰጥ ሄደች፣ ተፈተነች፣ አለፈች። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ከአለቆቹ አንዱ ሰርቨሩ በበዓል ቀን ቢበላሽ ቤተሰብሽ ይለቅሻል ወይ ብሎ ጠየቃት። መልስ ሳትሰጥ ጋሽ መሕሙድ ጣልቃ ገባ። ወንዶቹን እንዲህ ያለ ነገር እንዳልጠየቋቸው፣ ያልተጠየቁትን እሷ የምትጠየቅበት ምክንያት እንዳልታየው ተናገረ። ጥያቄው ተነሳ፣ ሥራውም የእሷ ሆነ። ይህን ውለታ ፈትሂያ አንድም ቀን ረስታው አታውቅም።

የጋሽ መሕሙድ ደግነት በእሷ ላይ ብቻ ያረፈ አልነበረም። በሽተኛ መጠየቅ የሚባለውን ነገር እሱ እንደ ሥራ ይዞት ነበር። ከገጠር የመጡት ሠራተኞች ብዙዎቹ ኮምቦልቻ ውስጥ ዘመድ የላቸውም፤ አራትና አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ከእነሱ አንዱ ሲታመም ከጁምዓ ሰላት በኋላ ጋሽ መሕሙድ የሥራ ባልደረቦቹን አስከትሎ፣ ብርቱካንና ስኳር አስይዞ፣ ደጃፉ ላይ ይደርሳል። ይቀመጣል፣ ያጫውታል፣ ዱዓ ያደርጋል። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ያው ነው። እሱ የሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ታምሞ ሳይጠየቅ የቀረ ሰው የለም፤ በዚህ ይኮራ ነበር፣ ቢኮራም ሲያንሰው ነው።

ማን እንደታመመ የሚያውቀው እንዴት ነው? ከዳታቤዙ ነዋ። ሐሙስ ሐሙስ ኮምፒውተሩን ይከፍትና የክሊኒኩን ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች ያነባል፤ ስም፣ ሕመም፣ መድኃኒት፣ የዕረፍት ቀን። ማንም አልከለከለውም። ፈትሂያ ከመምጣቷ በፊት ሲስተሙን የተከለው ሰው ለሁሉም አንድ የመግቢያ ስም፣ ለሁሉም አንድ ፓስወርድ ሰጥቶ ነበር የሄደው። አዲስ ሠራተኛ ቢሮ ሲገባ የሻይ ብርጭቆው ይሰጠዋል፣ ፓስወርዱም አብሮ ይነገረዋል። ፓስወርዱን መከልከል ፊት መንሳት ነበር። ፈትሂያ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገሩ አልጣማትም፤ ግን በጎ ሰዎች መካከል ቁጭ ብላ እናንተን አላምንም ማለት ከባድ ሆነባትና ዛሬ ነገ ስትል ቆየች።

በዚህ መሀል የከይሪያ ነገር መጣ።

ከይሪያ ከቢስቲማ የመጣች ወጣት ናት፣ ክር ፈታይ ክፍል ነበር የተቀጠረችው። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን በሰዓቱ ስለምትወስድ ብዙም አይነሳባትም፤ ቢሆንም ለክሊኒኳ ነርስ ለሲስተር ይታይሽ አልደበቀችም። ሲስተር ይታይሽም ሕመሙንና መድኃኒቱን መዘገበች፣ ከሚሽከረከር ማሽን አጠገብ እንዳትመደብ ብላ ጻፈች። ከይሪያ ወደ ጨርቅ ምርመራ ክፍል ተዛወረች። ከነርሷ በቀር ማንም የማያውቅ መስሏት ጉድለት ያለበት ጨርቅ ላይ ምልክት እያደረገች በሰላም ትኖር ነበር።

አንድ ሳምንት ሕመሙ ተነሳባትና ዕረፍት ወስዳ ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች። ጋሽ መሕሙድ እንደ ልማዱ አነበበ። ልጅቱ በጣም አሳዘነችው። ቢስቲማ ሩቅ ነው ሳይል፣ መኪና ለምኖ፣ ባልደረቦቿን ጭኖ፣ ብርቱካኑን አስይዞ ሄደ። የዚያን ቀን ቤት ውስጥ የኒካሁን፣ የጋብቻ ውሉን ቀን ሊቆርጡ የመጡ፣ ከይሪያን ያጫት ልጅ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። እንግዶቹ በደስታ ገቡ፣ ቦታ ተለቀቀላቸው። ጋሽ መሕሙድ እጁን ዘርግቶ፣ ከልቡ፣ ያ አላህ ይችን ልጅ ከዚህ ከሚጥል በሽታ አንተው አሽራት ብሎ ዱዓ አደረገ። ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። የልጁ ሽማግሌዎችም አብረው አሚን አሉ።

ሽማግሌዎቹ ቀን ቀጥረው ተነሱ፤ በቀጠሮው ግን አልመጡም፣ ከዚያም በኋላ አልመጡም። ጋሽ መሕሙድ ይህን አላወቀም። ቤተሰቡ እንዴት እንደተቀበላቸው፣ የልጅቱ እናት እንዴት እንዳለቀሰች እያወራ በደስታ ነው ወደ ኮምቦልቻ የተመለሰው። እናትየው ያለቀሰችው ለምን እንደሆነ ማን ይንገረው?

ከይሪያ ሥራ ስትጀምር የመጣችው ወደ ሲስተር ይታይሽ አልነበረም፣ ወደ ፈትሂያ ነው። በሩን ዘግታ ቆመች። ከኮምፒውተሩ ውስጥ ስሜን አጥፊልኝ አለቻት። ፈትሂያ አስቀመጠቻትና ነገሩን ከመጀመሪያው ሰማች። መዝገቡ ከጠፋ ነገ ሌላ ኃላፊ መጥቶ ማሽን ላይ እንደሚመድባት፣ ድንገት ቢጥላት ምን መድኃኒት እንደምትወስድ የሚያውቅ ሰው እንደማይኖር አስረዳቻት።

“እንግዲያው እኔ እጠፋለሁ” አለች ከይሪያ። “ሌላ ፋብሪካ እገባለሁ። ወላሂ ከእንግዲህ ለሐኪም አንድ ቃል አልናገርም።”

ፈትሂያ ደነገጠች። ይህች ልጅ ሕመሟን ደብቃ ሌላ ቦታ ፈታይ ማሽን አጠገብ ስትቆም ታያት። ትንሽ ጊዜ እንድትሰጣት ለመነቻት። ከነርሷ በቀር መዝገብሽን የሚያነብ ሰው እንዳይኖር አደርጋለሁ፣ ካላደረግሁ ያኔ ሂጂ አለቻት። ከይሪያ አንድ ነገር አስማለቻት፤ የኒካሁ ነገር ለማንም፣ ለጋሽ መሕሙድም ጭምር እንዳይነገር። ክፉ አስቦ አላደረገውም፣ ቢሰማ ይታመማል አለች። ፈትሂያ ማለች። ነገሩ ምን ያህል እንደሚያስከፍላት ያን ጊዜ አላሰበችውም።

ሥራውን የጀመረችው ከኮምፒውተሩ አልነበረም፣ ከሰዎቹ ነው። ከቢሮ ቢሮ እየዞረች እያንዳንዱን ሰው “ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ የምትሠራው ምንድን ነው? ከዚያስ?” እያለች ጠየቀች። ምን ማየት ትፈልጋለህ ብላ አልጠየቀችም፤ እንደዚያ ቢጠየቅ ሁሉን ማየት የማይፈልግ ሰው የለም። ፈረቃ የሚያወጡት ሰዎች የሠራተኛውን ሕመም ማወቅ እንደማያስፈልጋቸው፣ ማሽን ላይ ይመደብ አይመደብ የሚለውን ብቻ ማወቅ እንዳለባቸው ያየችው በዚህ ዙረት ነው።

ዳታቤዝ የሚታዘዝበት ቋንቋ ኤስኪውኤል ይባላል፣ ፈትሂያ እንደ አፍ መፍቻዋ ነው የምታውቀው። በዚያ ቋንቋ ግራንት ማለት ፍቀድ ማለት ነው፤ ሪቮክ ማለት የተፈቀደውን አንሳ። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን የመግቢያ ስም ከፈተች። ቀጥላ ሰዎቹን እንደየሥራቸው መደበች፤ ለፈረቃ ሰዎች ፈረቃውን ማንበብና መቀየር፣ ለመጋዘን ሰዎች ዕቃውን፣ ለሰው ሀብት የሠራተኛውን ስምና አድራሻ። የክሊኒኩ ሠንጠረዥ ላይ ስትደርስ ቪው የሚባለውን ሠራች። ቪው ማለት ከትልቁ ሠንጠረዥ የሚያስፈልገውን ዓምድ ብቻ የሚያሳይ መስኮት ነው። በዚያ መስኮት የከይሪያ ስም አለ፣ ማሽን ላይ አትመደብ የሚለው አለ። ለምን የሚለው የለም። ሙሉው ሠንጠረዥ ለሲስተር ይታይሽ ብቻ ተፈቀደ።

ሥራ አስኪያጁ ለእኔ ሁሉም ይከፈትልኝ ብሎ ነበር። ፈትሂያ በዚያ ዝቅ ባለ ድምጿ ምን ሊሠሩበት ነው ብላ ጠየቀችው። ሥራ አስኪያጅ ነኛ አለ። ታዲያ በየወሩ ስንት ሰው እንደታመመ፣ ስንቱ ዕረፍት ላይ እንዳለ የሚያሳይ፣ ስም የሌለበት ገጽ አዘጋጀችለት። ጥቂት አጉረመረመ። አሁን ስብሰባ ላይ ያንን ገጽ እያሳየ እሱ ያዘዘው አስመስሎ ያወራል፤ ያውራ፣ ደግ አደረገ።

የቀረችው እሷ ራሷ ነበረች። ሰርቨሩን የሚጠብቅ ሰው ለራሱ የፈለገውን መፍቀድ ይችላል፤ ይህን ቴክኒኩ አይከለክለውም። ስለዚህ የክሊኒኩን ሠንጠረዥ ማንም ቢነካው፣ እሷም ብትሆን፣ ስሙና ሰዓቱ ሲስተር ይታይሽ ዘንድ እንዲመዘገብ አደረገች። ይህን ያዘዛት የለም። ከእናቷ ያገኘችው ነገር ነው። የእናቷ የወይዘሮ ሸሪፋ ግቢ ተከራዮች ነጋዴዎች ናቸው፤ ኩታበር ገበያ፣ ሌላም ገበያ ሲወጡ ቁልፋቸውን እሷ ዘንድ ያስቀምጣሉ። ቁልፎቹ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። ፈትሂያ ትንሽ ልጅ ሆና፣ ቴሌቪዥን ያለው ተከራይ ገበያ በሄደበት ከፍተን እንይ ብትላት፣ እናቷ ቁልፉን ሰጡን እንጂ ቤቱን አልሰጡንም አለቻት። ዝናብ ጣራ በስቶ የሰው ፍራሽ ሲያርስ እንኳን ስልክ ደውላ ሳታስፈቅድ አልከፈተችም።

ለውጡ በተደረገ በመጀመሪያው ሐሙስ ጋሽ መሕሙድ የክሊኒኩን ሠንጠረዥ ሊከፍት ሞከረ። ኮምፒውተሩ ፈቃድ የለዎትም አለው። ሁለተኛ ሞከረ። ከዚያ መነጽሩን በእጁ እንደያዘ ወደ ፈትሂያ ቢሮ መጣ።

“ይሄ ነገር እኔን አላውቅህም አለኝ” አላት።

“ያውቅዎታል ጋሼ። ክሊኒኩን ብቻ ነው የዘጋሁት። ከሲስተር ይታይሽ በቀር ለሁሉም።”

“እኔ በሽተኛ ልጠይቅ ነው የማነበው። ሌላ ነገር አድርጌበት አውቃለሁ?”

“አያውቁም።”

“ታዲያ ለምን?”

ምክንያቱን ልትነግረው አልቻለችም። ቢስቲማ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ አንዴ ብትተፋው ነገሩ ሁሉ ይገባው ነበር። ግን ያ ቃል የእሷ አልነበረም፣ የከይሪያ ነው። ሕመሙ የሰውየው የራሱ ነው፣ ሌላ ሰው ሊያነብበው አይገባም አለችው። እሱ የሰማው ግን ሌላ ነገር ነበር።

“ሰው ልጠይቅ የምሄደውን ሰው እንደ ሌባ በር ዘጋሽብኝ” አለ። ድምፁን አልጨመረም። “ከእኔ የሚደበቅ ምክንያት መጣ ማለት ነው። ይሁን።”

በማግስቱ ሰርቪሱ ላይ ወንበር አልያዘላትም። ሰላምታውን አልነፈጋትም፤ አሰላሙ ዓለይኩም ይላታል፣ ትመልሳለች፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ከሁሉ የከፋባት ይህ ነው። ቢሮው ውስጥም ወሬ ተነሳ፤ ያስቀጠራትን ሰው ከሥልጣን አወረደችው የሚል፣ ሁሉን ለራሷ ብቻ ከፈተች የሚል። የሰው ሀብት ክፍል ጸሐፊዋ ሀናን እንኳን፣ የምትወዳት ልጅ፣ ለሻይ ስትጠራት ጥሪዋ ቀዘቀዘ። ፈትሂያ ሐረጎን እየወጣች ጃኬቷን ስትደርብ ዓይኗ እንባ የሚያቀርርበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ተሳስቼ ይሆን እንዴ ብላ እናቷን ጠየቀቻት፣ ዝርዝሩን ሳትነግራት። እናቷ አብሽሪ፣ የሰትረ ሰው አይከስርም አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሰው የአላህን ባሪያ ገመና ከሸፈነ የእሱንም አላህ ይሸፍንለታል ማለቷ ነበር።

ከይሪያ አልሄደችም። ይህ ለፈትሂያ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ሰላም አልሰጣትም። ጋሽ መሕሙድ መዝገቡን ማንበቡ ስህተት ቢሆንም፣ በሽተኛ መጠየቁ ግን ትክክል ነበር። በሩ ከተዘጋ ወዲህ አንድ የማራገፊያ ሠራተኛ እግሩን ተሰብሮ ብቻውን ተኝቶ ከረመ፤ ማንም አላወቀም። ፈትሂያ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። ሲስተር ይታይሽ ዘንድ ሄዳ ተማከረች። ከዚያ በኋላ ክሊኒክ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ሰው መጥቶ ቢጠይቅህ ትወዳለህ? እወዳለሁ ካለ ስሙና የሚገኝበት ቦታ ብቻ ለጥየቃ በተሠራ ሌላ መስኮት ላይ ይወጣል። አልወድም ካለ አይወጣም። ሐሳቡን ዛሬ ከቀየረ ዛሬውኑ ይስተካከላል። ይህን መስኮት የማንበብ ፈቃድ ፈትሂያ ለሰው ሀብት ክፍል በሙሉ ሰጠች፣ የመጀመሪያውን ግራንት የጻፈችው በጋሽ መሕሙድ ስም ነበር። እሱ ግን አልከፈተውም። ሀናን እየከፈተች ስሞቹን ትነግረው ነበር፤ እሱም ብርቱካኑን አስገዝቶ ይሄዳል፣ ከኮምፒውተሩ ጋር ግን ተኳርፏል።

ወራት አለፉ። አንድ ሰኞ ጋሽ መሕሙድ ሰርቪስ ላይ አልተሳፈረም። ማክሰኞም የለም። ዕረፍት ላይ ነው ተባለ፤ ምን ሆኖ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ስልኩ ዝግ ነው። ቤቱ ደሴ ነው፣ ሄዶ ማንኳኳት ይቻላል፣ ግን አዲሱን የጥየቃ ሥርዓት የለመደ ሰው ሁሉ ሳይጠራ መሄድ ከበደው። የጥየቃው መስኮት ላይ ስሙ አልወጣም። ይህ ማለት ወይ አልታመመም፣ ወይ ታምሞ አልወድም ብሏል።

ሀናን ወደ ፈትሂያ መጣች። የመጣችው ተጨንቃ ነው፣ ለወሬ አልነበረም። “አንቺ ማየት ትችያለሽ” አለቻት። “እንደ አባትሽ ነው እኮ። አንድ ጊዜ ብቻ እዪና አለ ወይስ የለም በይን።”

ፈትሂያ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማት ለብዙ ጊዜ ለማንም አልተናገረችም። ከሁሉም በላይ የተጨነቀችው እሷ ነበረች። ተጣልታው፣ ሳይታረቁ፣ ቢሞትስ? ትእዛዙ አጭር ነው፤ ሰሌክት፣ ማለትም አሳየኝ ብሎ፣ ስሙን ጽፎ፣ አንድ ቁልፍ መንካት። ሲስተር ይታይሽ ዘንድ ስሟ ይመዘገባል፣ ግን ይህን ያህል ዓመት ያገለገለውን ሰው ሁኔታ አየች ብሎ የሚፈርድባት የለም። ሁሉም ይረዳታል። እጇ ኪቦርዱ ላይ ነበር። ከዚያ አነሳችው። ይህን ሰው አንተም አትችልም ብላ ከልክላዋለች፤ እሱ ላይ የዘጋችውን በር በእሱው ላይ ልትከፍተው ነው እንዴ?

“አልችልም ሀናን” አለቻት። ሀናን ወጣች።

ቀኖቹ ረዘሙ። ሐሙስ ዕለት ሀናን የጥየቃውን መስኮት ከፈተች፣ ቆየችና ፈትሂያን ጠራቻት። ከታች፣ ከስሞቹ ሁሉ መጨረሻ፣ መሕሙድ የሚል ስም ወጥቷል። ከጎኑ አድራሻው አለ። ሌላ ምንም የለም። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፣ ሀናንም አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ መኪናው ሞላ። ሰው መምጣት የሚፈልገው ከልክ በላይ ነበር፣ ብርቱካኑም እንደዚያው። ሊንቀሳቀሱ ሲሉ ከይሪያ መጣችና በሩን ይዛ ልሂድ አለች። ከቢስቲማው ቀን ጀምሮ ከጋሽ መሕሙድ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝታ አታውቅም፤ ከሩቅ ሲመጣ መንገድ ትቀይር ነበር። ፈትሂያ ተጠግታ ቦታ ለቀቀችላት። ሐረጎ ላይ ፈትሂያ ጃኬቷን አውጥታ ግማሹን ለከይሪያ ጣለችላት።

ጋሽ መሕሙድ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል። ሁሉንም በየስማቸው እየጠራ ተቀበላቸው፣ ፈትሂያን እጇን ይዞ ከአጠገቡ አስቀመጣት፣ ያ ብቻ ለእሷ በቂ ነበር። ዱዓው ተደረገ፤ አላህ ዓፊያህን ይመልስልህ የሚል፣ የሕመም ስም የሌለበት ዱዓ። አሚን ተባለ።

ከዚያ ጋሽ መሕሙድ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው ሁሉ ምን ሆኖ ይሆን ብሎ እየጠበቀ እንደሆነ ገብቶታል፤ እሱ ራሱ ሰው ቤት ሲሄድ እንዲያ ነበር የሚጠብቀው። መናገር አስቦ፣ ፊቱ በላብ ረጥቦ፣ “እንግዲህ እኔን ያመመኝ …” ብሎ ጀመረ።

“ካልፈለጉ አይንገሩን ጋሼ” አለች ከይሪያ። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። “እኛ የመጣነው እርስዎን ልናይ ነው።”

ጋሽ መሕሙድ ልጅቱን ረጅም ጊዜ አያት። ቢስቲማን፣ የተዘረጉ እጆቹን፣ በዚያ ቤት ተቀምጠው የነበሩትን እንግዳ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እያስታወሰ እንደነበር ፊቱ ይናገር ነበር። መነጽሩን አወለቀ።

“እኔ ለአንቺ እንዲህ አላልኩልሽም ነበር” አለ። “አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልጄ።”

“አውፍ ብያለሁ” አለች ከይሪያ።

ወደ ፈትሂያ ዞረ፤ እጇን እንደያዘ ነበር። ቤተሰቡ ሻይ አቀረበ፣ ብርቱካኑ ተላጠ፣ ጨዋታ ተጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ስም የሌለበትን ገጽ የራሱ አድርጎ እንዴት እንደሚያወራ ሀናን አስመስላ አሳየቻቸውና ጋሽ መሕሙድ እየሳለ ሳቀ።

ዛሬ ድኖ ሥራው ላይ ነው። ሰርቪሱ ላይ ወንበር ይይዝላታል፣ ሐሙስ ሐሙስም የጥየቃውን መስኮት ራሱ ይከፍታል። ሰርቨሩ ከእሷ ጠረጴዛ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ውስጡ ሁሉም ነገር ተጽፏል፤ ማየት የሚያቅታትም ነገር የለም። የጋሽ መሕሙድ ሕመም ምን እንደነበር ግን ፈትሂያ እስከ ዛሬ አታውቅም።